ሸክላ ሠሪዋ ማሬና ቄሰ ገበዝ ዋልልኝ

ቄሰ ገበዝ ዋልልኝን ለመሸኘት የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ ኑሯቸውን በጥቂቱ እናሰማችሁ።

ቄሰ ገበዝ ዋልልኝ ከአባታቸው ከአቶ ሞላ እሸቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተሥላሴ ፋንታው በ1942 ዓ.ም. በጋፋት ተወለዱ። ዳዊት ደግመው ድቁና ከተቀበሉ በኋላ በ1960 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ቅስና ተቀብለውም ገብስና ስንዴያቸውን እያረሱ የወይራ አፋፍ ኪዳነ ምሕረትን ሲያገለግሉ ኖረው፣ በ1978 ዓ.ም. ቄሰ ገበዝ ሲሆኑ ቁልፏም ታሪኳም በእጃቸው ገባ።

ያችን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አንድ ራስ ከዘመቻ ሲመለሱ በስለት እንዳሠሯት ይነገር ነበርና፣ እርሳቸውም ለእንግዳው ሁሉ፣ በሰርግ ቤት ሳይቀር፣ ይህንኑ ይተርኩ ነበር። ወይዘሮ የሺም፣ «ኧረ አንቱ፣ እኒያ ራስ ከዘመቻ እስኪመለሱ ጠላው ሆመጠጠ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ሲለወጥ፣ የበሩ ጉበን ወርዶ የዘመናት ጥላሸቱ ቢጠረግ የተቀረጸ ጽሑፍ ተገኘ፤ «ይህችን ቤት ያሠራሁ ሸክላ ሠሪዋ ማሬ ነኝ፤ በጸሎት አስቡኝ» ይላል። በዚያን ጊዜ በእኛ ደብር ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ እየተባሉ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ያስቀድሱ፣ ከቅጥሩ ውጭም ይቀበሩ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ «ደብራችን እንዳይዋረድ ፈልጣችሁ ማገዶ አድርጉት» ቢሉ፣ ቄሰ ገበዝ ጉበኑን በትከሻቸው ተሸክመው ቤታቸው አስገቡት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘውት ወጥተው ጽሑፉን አነበቡና፣ «ልጆቼ፣ አሥራ ሰባት ዓመት የዋሸኋችሁ ሳላውቅ ነው፤ ከዛሬ ወዲያ ብዋሽ ግን አውቄ ነው» አሉ። ከዚያም ወደ ቅጥሩ በር ሄደው፣ ውጭ የቆሙትን እጅ እጃቸውን እየያዙ አስገቡ። ብዙ ሰው ተቀየማቸው፤ በዚያ ዓመት ደቦ የሚወጣላቸው ጠፍቶ ስንዴያቸውን ያጨዱላቸው ሸክላ ሠሪዎቹ ነበሩ። ጉበኑ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሽማግሌውም ቆይተው ይቅርታ ጠየቋቸው።

በልብ ድካም ሦስት ዓመት ታመው፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ባስታመመቻቸው በልጃቸው በዓይናለም ትከሻ እየተደገፉ እስከ መጨረሻው የኪዳነ ምሕረትን ደጅ ተሳልመዋል። ሊያርፉ ሲቃረቡም፣ «የቆሙትን አስገባሁ፤ የተኙት ግን ውጭ ቀሩ። እኔን ከእነርሱ ዘንድ አስተኙኝ» ብለው አደራ አሉ። የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ አንድ ቄሰ ገበዝ ከቅጥሩ ውጭ የሚቀበሩት ስለዚህ ነው።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሺን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ መቃብራቸውን ዛሬ ጠዋት የቆፈሩትን የማሬን ወገኖችም ትተው ሄደዋል። ለሰው በር የከፈቱትን አባታችንን አምላካቸው በሩን ከፍቶ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውንም ያሳርፍልን። አሜን።