የበርሊን ለቅሶ

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ታክሲ፣ ከኋላቸው ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጎናቸው ሻንጣ አቅፋ የተቀመጠችውን ወጣት ጠየቋት።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«በርሊን፣ አባባ። እዚያ ነው የምማረው። ለእረፍት መጥቼ ነበር።»

«ከተማውን ለመድሽው?»

«እኔ ለምጄው ነበር፤ እሱ ነው እኔን ያልለመደኝ! ከፊት ለፊቴ ቤት ሬሳ ሲወጣ አየሁና ንፍሮ ቀቅዬ ለቅሶ ደረስኩ።»

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«ጎረቤት አይደሉ እንዴ! ልጅየው በሩን ከፍቶ ‹ምግብ አላዘዝንም› አለኝ።»

«ያ ረቢ! ንፍሮ ሻጭ አደረገሽ በይኛ!»

«ንቅንቅ አልልም ብዬ ቆምኩ። በኋላ እናትየዋ መጥታ ሳህኑን ተቀበለችኝና በሩን ዘጋችው። በማግስቱ አከራዬ ‹ሁለተኛ የሰው በር ብታንኳኪ ቤቴን ትለቂያለሽ› አለችኝ።»

«ታዲያ አርፈሽ ተማሪያ!»

«አላርፍም። ይኸው እናቴ በቅቤ ያሸችውን የገብስ ጩኮ ይዤላቸው ነው የምሄደው።»

«ለቅሶው አላለፈም?»

«ለቅሶው ቢያልፍ ጎረቤትነቱ መች አለፈ?»

«ቢያስወጡሽስ?»

«ሌላ ቤት እከራያለሁ። እዚያም ጎረቤት አይጠፋም!»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

«እንግዲያው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጠንከር አድርገሽ አንኳኪ። ቀስ ብሎ የሚያንኳኳ ሌባ ይመስላል።»

«አሜን፣ አባባ። ወራጅ አለ፣ ኤርፖርቱ ጋ!»

ሻንጣዋን አቀብዬ ስመለስ እጄን የቅቤ ሽታ ይዞት ነበር፤ እስኪመሽ ድረስ መታጠቡን አልፈለግሁም።