የቀጭኑ ላፕቶፕ እንከን

ከአምቦ ወደ ጊንጪ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ወጣት መምህርት ብርማ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አድርጋለች። አጠገቧ የተቀመጡት አዛውንት ለልጃቸው ላፕቶፕ ሊገዙ አስበው ኖሮ ዝም ማለት አላስቻላቸውም።

«ይሄ ነገር አልሳሳም፣ ልጄ?»

«ቅጥነቱ እኮ ነው ውበቱ፣ አባቴ። ቀኑን ሙሉ ብሸከመው ትከሻዬ አያውቀውም።»

«ሲዲው በየት ይገባል?»

«ሲዲ አይወስድም። በፍላሽ ነው።»

«አንድ እንከን! መብራት ሲጠፋስ? ልጄ ለሥራ የተመደበችው ካቺሲ፣ ደጋው ላይ ነው።»

«ፊልም ካላየችበት ከምሳ እስከ እራት ያደርሳታል።»

«ይግላል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ይግላል። ደጋ ላይ ሙቀት ይጠላል እንዴ?»

«አንቺ መልስ አታጪም! እሺ፣ ኦሮምኛስ ይጽፋል?»

«አማርኛ ለመጻፍ ፊደል ይጫንበታል። ኦሮምኛ ግን በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ስለሆነ ምንም ሳይጫንበት ይጽፋል።»

«ማንም ሳያስተምረው?»

«ማንም ሳያስተምረው።»

አዛውንቱ ክዳኑን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አደረጉት።

«እንዲያ በይኛ! የእኛው ልጅ ከሆነማ እንከኑን ችለን እናኖረዋለን።»

እኔም ከኋላ ወንበር ሆኜ ላፕቶፑን በልቤ «አካም ጅርታ?» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት።