ሽማግሌ ሲመጣ

እኔ በክራንች ነው የምሄደው። በቆቦ ዙሪያ እየዞርኩም ወላጆችን "አካል ጉዳተኛ ልጃችሁን አትደብቁ፣ ትምህርት ቤት ላኩ" እላለሁ። በቀደም ጎብዬ ከተማ ሄጄ አንዲት እናት ጓዳ ያስቀመጧትን ልጅ አላወጣም አሉኝ። "ለእህቷ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ይቺን ካዩ በዘራቸው አለ ብለው ይመለሳሉ።" እግሬን እያሳየሁ፣ "የኔ እናት አንድም ቀን ደብቃኝ አታውቅም" ብዬ ስሟገት ውዬ ልጅቷን አስወጣኋት።

ደስ ብሎኝ ቤት ስገባ እናቴ ግቢ ትጠርጋለች። "ነገ ለእህትሽ ሽማግሌ ይመጣል" አለችኝ። እሰይ አልኩ። እሷ ግን ቀና ብላ አላየችኝም። "አንቺ ዛሬውኑ ዋጃ አክስትሽ ዘንድ ሂጂና ሰንበት ብለሽ ነይ፤ ናፍቀሻታል።" ቦርሳዬ ተዘጋጅቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጎብዬ ስለፈልፍ የዋልኩት ሴት ቦርሳዬን አነገትኩ።