የጋሽ ወልደ የሱስ ጠባብ ጠረጴዛ

በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ፣ መቱ ከተማ ላይ እንደ ልማዱ ከጧት ጀምሮ ሲዘንብ፣ ለመጠለል ከጋሽ ወልደ የሱስ ሬዲዮ መጠገኛ ገባሁ። በዚህ አገር የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኖ ጃንጥላ ቤት ረስቶ መውጣት ያሳፍራል። ባልረሳ ኖሮ ግን ይህን ክርክር አልሰማም ነበር።

ከኡካ እስከ ያዮ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ሁሉ የሚመጣው እኚህ ሽማግሌ ዘንድ ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ጥሩ ትባላለች። ኤሌክትሮኒክስ ልትማር ምሥራቅ ጀርመን ከሄደች አራት ዓመት ሆኗታል። ደብዳቤዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ አብሮ አደጓ የፊዚክስ መምህሩ ኦላና ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ አገኘኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሩ በእጇ ኮምፒዩተር እየገጣጠመች ነው፤ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ የተማሪ ውጤት የሚይዝ፣ ስሌትም የሚሠራ። የቀራት ምርጫ ነው። አንደኛው አዲስ ፈጣን ፕሮሰሰር፣ ማለትም የመሣሪያው ማሰቢያ፣ ከትንሽ ሜሞሪ (የሚሠራበትን ሁሉ መያዣ ቦታ) ጋር፤ ሁለተኛው በእጇ ያለው አሮጌ ፕሮሰሰር ከሰፊ ሜሞሪ ጋር። ፈጣኑን ለመግዛት ወራት ፋብሪካ ውስጥ መሥራት አለባት። «ሜሞሪውን ካሉኝ ነሐሴ እመጣለሁ፤ ፕሮሰሰሩን ካሉኝ ታኅሣሥ። መበየድ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና አባዬ፣ ይምረጡልኝ» ትላለች። የፖስታ ቤቱ ከረጢት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«ፈጣኑን አምጪ ብዬ ጽፌአለሁ» አሉ ጋሽ ወልደ የሱስ። «ስምንት ትራንዚስተር ያለው ሬዲዮ ስድስት ካለው ይበልጣል። አሮጌው በአንድ ጊዜ የሚያነሣው ስምንት ቢት ነው፣ አዲሱ አሥራ ስድስት። እጥፍ ነው።»

በኢሉባቦር ሬዲዮ የሚገዛ ሰው ድምፁን ከመስማቱ በፊት ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የትራንዚስተር ብዛት ያነብ ነበር።

«ጋሼ» አለ ኦላና፣ «ለቁጥር ብቻ የተበየደ፣ ምንም የማይሠራ ትራንዚስተር ስንቴ ከፍተው አሳይተውኛል?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ይህ ጠረጴዛዎስ ስንት ሬዲዮ ይይዛል?»

«አንድ። ሌላ ልክፈት ካልኩ የፊተኛውን ብሎን ሁሉ ለቅሜ ጣሳ ውስጥ መክተት አለብኝ።»

«እጅዎ ግን ፈጣን ነው።»

«መቱ ውስጥ የሚቀድመኝ የለም።»

«ታዲያ የአቶ ታጁዲን ሬዲዮ ለምን ሦስት ሳምንት ቆየ?»

ሦስታችንም ቀና ብለን መደርደሪያው ላይ ያለውን የታጁዲንን ሬዲዮ አየን። አንጀቱ ጣሳ ውስጥ ነበር።

«ፕሮሰሰር እጅ ነው፤ ሜሞሪ ጠረጴዛ» አለ ኦላና። «የፊደላችን ቅርጽ ብቻ የትንሹን ሜሞሪ ግማሽ ይወስዳል፤ ለሌላው ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በሰፊው ግን ፊደሉም፣ ደብዳቤውም፣ የአንድ ክፍል ውጤትም አብረው ይቀመጣሉ። አሮጌው ፕሮሰሰርም ቢሆን እኔና እርስዎ የመጻፊያው ሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል ፈልገን እስክንነካ ተቀምጦ ይጠብቀናል። ደግሞም ነሐሴ...» ብሎ የደብዳቤዋን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረ። ነሐሴን የሚጠብቁት አባትየው ብቻ እንዳልሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማሎ፣ እባክህ ስማኝ ልጄ። ሜሞሪው እንደሚሻል ትናንትም ጠርጥሬ ነበር። ግን የመረጠልኝ ናፍቆቴ እንደሆነስ? የተለየችኝን ቀን ሁሉ እቆጥራለሁ። ለራሴ ስል ልጄን ከሚሻለው ነገር ባስቀራት ምን ዓይነት አባት ነኝ?»

ዝናብ የጣለኝ እንግዳ ብሆንም ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጋሽ ወልደ የሱስ፣ ዛሬ እኮ ናፍቆትዎና እውቀትዎ የሚሉት አንድ ነው። የሚወዱት ነገር ትክክል ሲሆን ሊፈሩት አይገባም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያም የጻፉትን ቀደው ሌላ ወረቀት ሳቡ።

ይህን የምጽፈው ዕቃ ሲመርጥ ቁጥሩ ለሚበዛው ብቻ ለሚሳሳ ወገኔ ነው። አስቀድሞ «ምን ልሠራበት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያስፈልገውን ያገኛል፤ ጊዜና ጉልበቱም ይተርፈዋል። ለጋሽ ወልደ የሱስ የተረፋቸው አራት ወር ነው። በማግስቱም አናጢው ደርበው መጥቶ ጠረጴዛውን እንዲያሰፋው አደረጉ።

ያን ቀን ጽፈው ሲጨርሱ ደብዳቤውን እንዳነብላቸው ሰጡኝ። «ልጄ ሆይ፣ ሜሞሪውን ይዘሽ ነይ። እሱም ካልተገኘ ባዶ እጅሽን ነይ» ይላል።

ኦላና ፖስታውን ከኮቱ ሥር ሸጉጦ ተነሣ።

«ገና ስምንት ሰዓት ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ ቆይ» አሉት።

እሱ ግን መንገዱን አጋምሶት ነበር።