«ይመስለኛል» ያለችው የየኔታ ልጅ

ጣልያን ከጎንደር ከተባረረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ በአንድ የነሐሴ ቀን፣ የኔታ ሐብተ ማርያም አንድ መጽሐፍ በካባቸው ሥር ይዘው ከቀሐ ሰፈር ወደ አራዳ ገበያ ሽቅብ ይገሠግሡ ነበር። የኔታ የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ናቸው፤ ከእግራቸው ሥር ተምሮ ለወንበር የበቃው ሰው ብዙ ነው። ያን ዕለት ግን ቁጣቸው ከካባቸው ይከብድ ነበር። መጽሐፉን ለልጃቸው ለይመኙሽ የሰጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው። እሳቸው መጽሐፉን መልሰው ልጂቱንም ከትምህርት ሊያስወጡ ቆርጠዋል። እሑድ አያ ነጋ የሚባሉ ዘመዳቸው ከመካነ ብርሃን ይመኙሽን ለአንድ ልጅ ሊጠይቁ ይመጣሉና እሺ ሊሏቸው በልባቸው ጨርሰዋል።

ይመኙሽ ነጠላዋ በካፊያ ርሶ፣ የጻፈችውን ወረቀት በደረቷ ይዛ ከኋላ ከኋላቸው ትከተላለች። ያለቀሰች እንደሆነ ዓይኗ ያስታውቃል።

አራዳ ሲደርሱ ዶፉ ወረደ። አባትና ልጅ ሮጠው ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ተጠለሉ። እዚያ ደግሞ ማን ቆሞ ቢያገኙ ጥሩ ነው? የይመኙሽ የአማርኛ መምህር አቶ አላምረው! የሚፈልጉትን ሰው ዝናቡ ራሱ አስሮ አቆየላቸው።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔታ?» አለ አቶ አላምረው፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና ነኝ ብል ግን መዋሸት ይሆንብኛል። እርስዎን ብዬ ነው የመጣሁ። እንኩ መጽሐፍዎን።»

አቶ አላምረው በሁለት እጁ ተቀበለ። «አንብባ ጨረሰችው እንዴ?»

«ጨርሳዋለች። የቸገረኝስ መጨረሷ አይደል!» አሉ የኔታ። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ክረምት ተማሪ የሚያርፍበት፣ ልጃገረድ ከእናቷ ዘንድ ሙያ የምትለምድበት ጊዜ አይደለምን? እናንተ ደግሞ ያልተወለደ ሰው ያልሠራውን ሥራ የሚያወራ ተረት ታስነብባላችሁ። ካህናቱ ሁሉ ‹የየኔታ ልጅ ተረት ታቅፋ ትውላለች› እያሉ ይሥቁብኛል።»

«ንባቡን ያዘዝሁት ለሁሉም አይደለም፣ የኔታ። በመጭው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከሚገቡት በትምህርታቸው ለላቁት ብቻ ነው። ክረምቱን ሳያነብ የከረመ ተማሪ መስከረም ላይ ስናገኘው ዝጎ ነው የምናገኘው። ያልተወለደ ሰው ያሉትም እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልተወለደውን ሰው ጠባይ መመርመር የለመደ ልጅ የጎረቤቱን ጠባይ ለመመርመር አይቸገርም።»

«ንባቡንስ ይሁን ልበል። ‹ስላነበባችሁት ሐተታ ጻፉ› ብለዋቸዋል። ጽሑፏን አየሁት። ከላይ እስከ ታች ‹ይመስለኛል› ነው! ‹ደራሲው እንዲህ ሊል የፈለገ ይመስለኛል› ትላለች። ለመሆኑ ማን ናትና ነው የሚመስላት? እኔ ይህን ያህል ዘመን ሳስተምር አንድ ቀን ‹ይመስለኛል› ብዬ አላውቅም። ከመምህሬ የተቀበልሁትን እናገራለሁ፤ መምህሬም ከመምህራቸው የተቀበሉትን ነው የነገሩኝ። እሷ ከማን ተቀበለችው?»

እዚህ ላይ የኔታን የሚታዘብ አንባቢ ቢኖር እንዳይቸኩል። ሰውየው ዕውቀት ጠልተው አይደለም። ያለ መምህር የተነገረ ቃል አገር ሲያጠፋ እየሰሙ አድገው ነው። አቶ አላምረውም ይህን ያውቃልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ።

«ቅዱስ መጽሐፍ ሲሆን ልክ ነዎት፤ ተማሪ ከልቡ አንቅቶ ይናገር አልልም። ይህ ግን የሰው ድርሰት ነው። ገና ቀለሙ አልደረቀም፤ ትርጓሜውን የሚቀበሉለት መምህር የለውም። የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች እነዚህ ልጆች ናቸው። ደግሞም ‹ይመስለኛል› ብሎ ዝም ማለት በእኛም ዘንድ አይፈቀድም። ‹ለምን መሰለሽ? የቱ ገጽ ላይ አገኘሽው?› ብዬ እይዛታለሁ። ማስረጃ ካላመጣች ዜሮ ነው የምሰጣት። እርስዎስ፣ የኔታ፣ መጽሐፉን አንብበውታል?»

«ገለጥ ገለጥ አድርጌዋለሁ። የአንድ ዳኛ ወሬ ነው። ይበቃኛል።»

«እንግዲያው እሷ ትንገረን።»

ይመኙሽ አባቷን አየች።

«ተናገሪ እንግዲህ! አፍሽን ማን ያዘው?» አሉ የኔታ።

«ታሪኩ ጉቦ የማይበላ፣ ፊት አይቶ የማያዳላ የአንድ ዳኛ ታሪክ ነው» አለች ይመኙሽ። «አንድ ቀን የገዛ እናቱ በድንበር ተከሰው ፊቱ ቆሙ። በእናቱ ላይ ፈረደ። አገሩ ሁሉ አመሰገነው።»

«ይኸዋ! ሸጋ ዳኛ ነው። እናቴ ብሎ አላደላም። ይህ ምን ሐተታ ያሻዋል?»

«እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያ ነበር ያልሁት፣ አባባ። ስደግመው ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ከዚያ በፊት የድንበር ክርክር በመጣ ቁጥር ዳኛው በቅሎውን አስጭኖ ይወርዳል፤ ድንበሩን በእግሩ ረግጦ፣ ምልክቱን በዓይኑ አይቶ ነው የሚፈርድ። በእናቱ ጊዜ ግን አልሄደም። ከወንበሩ ሳይነሣ ፈረደ። ለምን እንዳልሄደ ደራሲው አልነገረንም፤ አሳይቶን ዝም ብሎ አለፈ። ‹ለእናቱ አደላ› እንዳይባል ፈርቶ ይመስለኛል። እናቱን የጎዳ ለእውነት ብሎ አይደለም፤ ለስሙ ብሎ ነው።»

የኔታ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ተማሪ ሲፈትኑ እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው። ተቆጥተው መምጣታቸውን ለጊዜው ረሱት መሰለኝ።

«ቆዪ! እንደ ዛሬው ዝናብ ይዞት ቢሆንስ?»

«በበጋ ነው፣ አባባ። ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ ነበር ይላል።»

«ታሞስ ቢሆን?»

«በማግሥቱ አደን ወጥቷል። ገጹን ላሳይዎ?»

«ምስክሮቹ በቅተውትስ እንደሆነ? ምስክር ከበቃ ዳኛ ገደል ለገደል መዞር የለበትም።»

ይመኙሽ ይህን አልጠበቀችውም። ዝናቡን እያየች ጥቂት አሰበች። አቶ አላምረው ሊያግዛት ከንፈሩን ከፈት አደረገና መልሶ ዘጋው።

«ይህ ጠንካራ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንድም፣ ምስክር በቅቶት ነው ማለት ይቻላል። አንድም፣ ስሙን ፈርቶ ነው። የፊተኛውን እንዳንይዝ ግን ከፍርዱ በኋላ ያለው ይከለክለናል። ፍርዴ እውነት ነው ብሎ ካመነ፣ ማታ እናቱ እራት ሲያቀርቡለት ቀና ብሎ ማየት ለምን አቃተው?»

አንድም! የኔታ በዕድሜያቸው ሙሉ የመጻሕፍትን ምሥጢር ያፍታቱበት ቃል ከዚች እርጥብ ነጠላ ከለበሰች ልጅ አፍ ወጣ። ያውም በቦታው፣ ያውም በሥርዓቱ።

«ይህን አካሄድ መምህርሽ ናቸው ያስተማሩሽ?»

«እኔ ማስረጃ አምጡ አልሁ እንጂ፣ የኔታ፣ እንዲህ ማፍታታትን አላስተማርኋትም» አለ አቶ አላምረው።

«ከእርስዎ ነው፣ አባባ» አለች ይመኙሽ። «ለደቀ መዛሙርትዎ ሲተረጉሙ ግቢና ተማሪ ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ከጓዳ ሆኜ በግድግዳው ሥር እሰማ ነበር። ሊጥ እያቦካሁ እሰማለሁ፤ ጥጥ እየፈተልሁ እሰማለሁ። ከማን ተቀበለችው አሉ፤ ከእርስዎ ነው የተቀበልሁት።»

የኔታ በልጃቸው ኮሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል ጥያቄያቸውን ሳይንተባተብ የሚመልስ ብዙ የለም፤ ይህች ግን ዓይን ዓይናቸውን እያየች መለሰች፤ የመጨረሻውን ጥያቄ ደግሞ ጠንካራ ነው ብላ አክብራ ነው የረታችው። ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ አላቸውና ፊታቸው ጠቆረ።

«እኔስ መጽሐፉን ሳላነብ አይደለም የፈረድሁበት?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። «ለምን? ካህናቱ ምን ይሉኛል ብዬ። ያ ዳኛ ከእኔ በምን ይከፋል? እሱስ ቢያንስ ምስክር ሰምቷል። እኔ የገዛ ልጄን ድንበር ሳልረግጥ ነው የፈረድሁባት።»

አቶ አላምረው መሬት መሬት አየ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲረታ ዓይኑን አያፈጥም።

«መጽሐፉን መልስልኝ፣ ልጄ» አሉት የኔታ። እርስዎ ማለታቸውን የተዉት በንቀት አይደለም፤ ልጅ አድርገውት ነው። «ሳላነብ የምመልሰው መጽሐፍ የለም።»

ዝናቡ ሲያባራ አባትና ልጅ ቁልቁል ወደ ቀሐ ጎን ለጎን ወረዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤቱ ጸጥታ ጠፋ። የኔታ ከማኅሌት እንደ ወጡ መጽሐፉን ያነሣሉ፤ «ነዪ እስቲ! እዚህ ላይ ተሳስተሻል!» ይላሉ፤ ልጂቱም አልተሳሳትሁም ትላለች። አንዳንዴ እሳቸው ይረቷታል፤ ያን ጊዜ ሐተታዋን ታርማለች። እሷ ስትረታቸው ደግሞ «አቤት ይህች ልጅ!» ብለው ይሥቃሉ። ሥቀው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

እሑድ አያ ነጋ ከመካነ ብርሃን መጡ። ጠላው ቀርቦ፣ የአገር ደኅንነት ተጠያይቆ ሲያበቃ ነገራቸውን አነሡ።

«የልጁ ቤተ ሰብ ሸጋ ሰዎች ናቸው፤ በሬውም ላሙም ሞልቷቸዋል። ቀኑን ቁረጡልን ብለዋል።»

«ቀን አልቆርጥም፣ አያ ነጋ። ልጄ ከመስከረም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትገባለች።»

«ምነው የኔታ? እሺ ሊሉ አልነበረም? ደግሞ ሲወራ የምሰማው ክረምቱን ሙሉ ልብ ወለድ ስታነብ እንደ ከረመች ነው። ልብ ወለድ እህል ይሆናል?»

የኔታ ከመደባቸው ቀና አሉ። «እህልስ አይሆንም። ነገር ግን ላስረዳዎ። ይህች ልጅ ክረምቱን አንብባለች፤ ያነበበችውን መርምራለች፤ የመረመረችውንም ለምን እንዲህ እንዳለች ማስረጃ ጠቅሳ ጽፋለች። ይህን የለመደ ሰው የሰማውን ሁሉ ተቀብሎ አይሮጥም። ውል ቢያስፈርሙት የተሸሸገውን ቃል ያያል። ከፍርድ ወንበር ቢቀመጥ ድሀ ሳይበድል ይነሣል፤ ቢያስተምርም ልጆቻችን ጠይቀው ያድጋሉ። እርስዎስ በድንበር ክርክር ስንት ዓመት ከፍርድ ቤት በር ቆመው ዋሉ? ነገሩን አንብቦ የሚያፍታታ ሰው አጥተው አይደለምን? ይህ እንዳይደገም ብዬ ነው ልጄን የማስተምር። እኔ ወንድ ልጅ ወልጄ ወንበሬን ባወርሰው ብዬ ስመኝ ኖሬያለሁ። ወራሼ ከጓዳዬ ተቀምጣ ኖሯል፤ ሳላያት ቀረሁ።»

አያ ነጋ በዋንጫው ላይ አቀርቅረው ብዙ አሰቡ። የድንበሩ ነገር ሳይነካቸው አልቀረም።

«ታዲያ ለልጁ ቤተ ሰብ ምን ብዬ ልመለስ?»

«ትምህርቷን ስትጨርስ እኔን ሳይሆን እሷን ይጠይቋት በሏቸው» አሉ የኔታ፣ ጢማቸውን በኩራት እየዳሰሱ። «እሺም ብትል፣ እንቢም ብትል፣ ምክንያቷን ከነማስረጃው ትነግራቸዋለች።»