ታጥባ የተመለሰች መኪና

እንዴት አደርክ አብዱልገኒ ልጄ? ሱሀይላ ፈተናዋን ጨረሰች? እሰይ… ልጅ ሲያነብ ማየት ደስ ይላል። ዘንድሮ መቼም ጉርድ ሾላን አየሃት፣ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲያባራ አቧራ። ጠዋት ያሳጠብከው መኪና ለምሳ ሰዓት አይታወቅም። ለነገሩ ማሳጠብስ ምን ያደርጋል… ውጭውን ነው።

አይ፣ እዚችው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። አንተ ኮፈኗን ክፈት፤ እኔ እያወራሁ እጠብቅሃለሁ።

በገመድ አስጎትቼ ነው ያመጣኋት። መሪ ይዞ የመጣው፣ ያ ጥላው ሥር ስልኩን የሚነካካው የባለቤቴ ወንድም ነው። ጎበዝ ነው። ሞተር በሌለበት እንደሱ የሚነዳ ሰው አላየሁም።

የማወራህ ግን ስለ እሱ አይደለም። ስለ አንድ ሰው ነው። ስም መጥራት አልወድም፤ ባለቤቴ ረጋሳ ያለው ወንድም ደግሞ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ዝምድናውንም አልነግርህም።

መኪናዋን ታውቃታለህ። ደብል ጋቢና፣ ሁለት ነጥብ አምስት፣ ተርቦ ናፍጣ። አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሯ አንድ ቀን ተከፍቶ አያውቅም። ረጋሳ ቦሌ አየር ማረፊያ ውስጥ የሻንጣ መጎተቻዎቹን ሲጠግን ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቶ የለ? የእሷንም ዘይት በየአምስት ሺው ይቀይራል፣ ከናፍጣ ፊልትሮዋ ውኃውን ያንጠፈጥፋል። ረጅም መንገድ ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ግቢ ገብቶ መሪው ላይ ቁጭ ይላል፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ ሞተሯን ሳያጠፋ። «ውረድ እንጂ፣ ምሳ ቀረበ» ስለው፣ «ተርቦዋ፣ አየር መንፊያዋ፣ ገና እየዞረች ነው እልፌ። አሁን ባጠፋት ዘይት ይቋረጥባታል፣ በትኩሱ ትቃጠላለች። ትንፋሿን ትሰብስብ» ይለኛል። ለእኔ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆልኝ አያውቅም።

አምና ስትሮክ ከመታው በኋላ መሪው ለእኔ ሆነ። ማክሰኞና ሐሙስ ሩዋንዳ ሰፈር ፊዚዮቴራፒ እወስደዋለሁ። ታክሲ ዝቅ ይልበታል። የእሷ ወንበር ግን ልክ በወገቡ ነው፤ በደህናው እጁ ይዞ ራሱ ይገባል። በሳምንት ውስጥ ሰው ሳይደግፈው የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር እሷ ውስጥ መግባት ነው።

ይኸውልህ እንግዲህ፣ ያ ሰው ዓርብ መጣ። ጓደኛው አዳማ ሊያገባ ነው፣ እሱም ሚዜ ነው፣ መኪናዋን ለሁለት ቀን ፈለጋት። ገና ጠይቆ ሳይጨርስ ረጋሳ በአንገቱ እሺ አለው። እኔም ቁልፉን ስሰጠው፣ «ጠዋት ጠዋት ዘይቷን እይ፣ ትንሽ ትጠጣለች። ስትቆም ደግሞ ቶሎ አታጥፋት» አልኩት።

«እትዬ፣ ዲዝል እኮ አይደክመውም። ዩቲዩብ ላይ ሁሉንም አይቻለሁ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሁሉንም አይቷል… ዘይቷን ብቻ ነው ያላየው። ምን ታደርገዋለህ፣ ጭንቅላቱ ንፁህ ነው። ምንም የለበትም።

አብረውት የሄዱት እንደነገሩኝ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ መቶ አርባ ነዳት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል የሚባለው? ሲዋስ ያልነዳም ሲመልስ ይቆጨው ይሆናል። ፎቶ ለመነሳት ቆም፣ ጥፍት፤ ተነስቶ ደግሞ መቶ አርባ። ሞጆን እንዳለፉ የዘይት መብራቷ በራ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፣ ዳር ይዞ ይቆም ነበር። እሱ ግን አይረበሽም። የሙሽሮቹ ስም የተጻፈበትን ባለ አበባ ስቲከር አንስቶ መብራቷ ላይ ለጠፈው። ትናንት በጥፍሬ ስልጠው ነው ከሥሩ ቀዩን ያየሁት። እንዲህ ያለ ሰው ለትዳር ነው የሚሆነው… ቤት ውስጥ ችግር በመጣ ቁጥር አበባ ይለጥፍላታል።

እሑድ ከሰዓት መለሳት። መቼም ይሉኝታ አለው፤ ላቫጆ አስገብቶ፣ ጎማዋን አስወልውሎ፣ ሽቶ አስነፍቶባት… ኮፈኗ ሥር ሳይቀር አሳጥቧት ነበር። ዘይት የረጨችበትን ሳይ ቅር እንዳይለኝ ብሎ ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የእኛው ግን አፍሶ አጠበ።

ረጋሳ አልጋው ላይ ነበር። ገና በር ላይ ስትደርስ ፉጨቷን ሰማ፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ቃል ማውጣት እንደሆነ ታውቃለህ፣ ይቸግረዋል። ታግሎ ታግሎ፣ «ደህና…?» አለኝ። መኪናዋን መስሎኝ፣ «ታፏጫለች» አልኩት። አይደለም ብሎ እጁን አወዛወዘ። ወንድሙን ነበር የሚጠይቀኝ።

ያ ሰው ገባና ግንባሩን ስሞት፣ «ሞተሯ ድሮም ታፏጭ ነበር፣ አይደል ጋሼ?» አለው። ሃያ ስምንት ዓመት ሞተር ያዳመጠ ሰው… «አዎ» አለ። አብዱልገኒ፣ ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ጥርት አድርጎ የተናገረው ቃል የለም። ያኛው ሲወጣ ደግሞ እጄን ይዞ፣ «ምንም… እንዳትናገሪው» አለኝ። እኔም ቃሌን ጠብቄአለሁ። እሱን መች ተናገርኩት? አንተን ነው የማናግረው።

ትናንት ማክሰኞ ረጋሳን ይዤ ወጣሁ። እዚሁ መስቀለኛው ጋ ስንደርስ በሰማያዊ ጭስ ተሸፈንን፤ ጉልበቷ አለቀና ቆመች። አራት መንገደኞች ረጋሳን ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቡት፣ እንደ ዕቃ። እስኪያስገቡት ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ለዚያ ሰው ደወልኩ፤ ስልኩ እስከ ማታ ጠፍቶ ዋለ። ምን ይደረግ… ማጥፋት ላይ እኮ ፈጣን ነው።

እስቲ አሳየኝ። ይሄ ዘንግ ነው በጣትህ ስትነካው የሚወዛወዘው? እንግዲያው ተርቦዋ ሄዳለች። ሞተሩስ?… ተርፏል? እርግጠኛ ነህ? ተመስገን። ለረጋሳ «ተርፏል» እለዋለሁ። ስለ ሞተሩ መሆኑን ግን አስረዳዋለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው መስሎት በከንቱ ደስ እንዳይለው።

እስከ ነገ ሐሙስ ትደርሳለች?… ቅዳሜ። እሺ፣ ይሁን። ሐሙስን በታክሲ እንወጣዋለን፤ የሚሸከም ሰው አይጠፋም።

እየው፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወደዚህ እየመጣ ነው። ዓይኑ ቀላ ልበል?… ጭስ ይሆናል። በል መፍቻውን ስጠው፣ ይያዝልህ። ይያዝ ብቻ… አይፍታ።

ና፣ ቅረብ የኔ ወንድም። ለአንድ ሰው እየመረቅሁለት ነበር፤ አንተም አሜን በል። እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ደህና ሚስት ይስጠው፣ ቤት ይስጠው፣ ከዚችም የምትበልጥ አዲስ መኪና ይስጠው። ሸምግሎ አልጋ ላይ ሲውል ደግሞ ብቻውን አይተወው… ቁልፉን ከእጁ የሚቀበል፣ ልክ እንደራሱ ያለ ወንድም ይስጠው።