የጋሽ ጠመኔ መስመር

የአዳራሹ ዘበኛ የጎኑን በር ቁልፍ ይዞ ምሳ ስለወጣ፣ ጋሽ ጠመኔ በሩ ላይ ተገትረው ሲቁነጠነጡ አንዲት ቀጭን ወጣት መጥታ አጠገባቸው ቆመች። አንገቷ ላይ ፊሽካ አዩ። የዛሬውን የፍጻሜ ጨዋታ አብራቸው የምትዳኘው፣ በሙያዋ ነርስ ናት የተባለችው ልጅ ለካ እሷ ናት!

ጋሽ ጠመኔ በሙያቸው በያጅ ናቸው፤ ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ግን በቅርጫት ኳስ ዳኝነት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጨዋታ በፊት የመልበሻ ክፍሉ ወለል ላይ ሜዳውን በጠመኔ ሥለው ለሁለት ይከፍሉታል። ዛሬም በሩ እንደተከፈተ ተንበረከኩ።

“ከመስመሩ ወዲህ የኔ፣ ወዲያ ያንቺ። ቦታ ብንቀያየርም ሕጉ ያው ነው። እኔ ባንቺ አልገባም፣ አንቺም በኔ አትግቢ።”

“እሺ ጋሼ። እርስዎ ሳያዩ እኔ ካየሁስ?”

“ዝም ነዋ! ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?”

“ዝምታው ባይነቅዝም ሰው ይሰበራል፣ ጋሼ።”

ጋሽ ጠመኔ ደነገጡ። ባለፈው ሳምንት አንድ ተጫዋች አየር ላይ እንዳለ ተገፍቶ ወድቆ እጁ ተሰብሯል። የዚያ ክልል ዳኛ ግንድ በሚያህል ሰው ተጋርዶ አላየም። እሳቸው ግን አይተዋል። ፊሽካው አፋቸው ውስጥ ነበር፤ አልነፉም። ይህን ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።

“ጄሶውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ” አለች ነርሷ ቀስ ብላ። “‘ማንም አላየም ወይ?’ እያለ ነበር የሚጠይቀኝ።”

“ልጄ፣ በወጣትነቴ አንድ ባልደረባዬ አፍንጫዬ ሥር ባለ ነገር ነፋብኝ። ሕዝቡ ‘ዕውሩን አስወጡት!’ አለ። ያን ለት በማንም ላይ ይህን ላላደርግ ማልኩ።”

የባልንጀራን ክብር መጠበቅ ደግ ነው፤ ክብሩ የሌላ ሰው እጅ ካሰበረ ግን ደግነቱ የቱ ላይ ነው? ነርሷም ይህንኑ በትሕትና አነሳች።

“እርስዎ አጥርተው እያዩ ብነፋ ብልግና ነው። እኛ ግን አልጋ ተከፋፍለን ነው የምንሠራው። የጓደኛዬ በሽተኛ ከአልጋው ሲንሸራተት፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ከሆነ አልይዘውም?”

“ትይዢዋለሽ እንጂ!”

“እንግዲያው አንድ ትንፋሽ እታገሣለሁ፤ መጀመሪያ የመንፋት መብት የእርስዎ ነው። ከተጋረዱ፣ እኔም ሳልጠራጠር ካየሁ፣ ነገሩም በዝምታ የማይታለፍ ከሆነ ልንፋ። በግምትማ አልነካዎትም።”

ይህን ብላ በጣቷ ከመስመሩ ጥቂት አጠፋች። ጋሽ ጠመኔ “የሕዝቡን ሳቅ ማን ይችለዋል?” ብለው አጉረመረሙ፤ የጠፋውን ግን መልሰው አላሰመሩም።

ጨዋታው ሊያበቃ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ውጤቱ እኩል ነበር። ሁሉም ተጫዋች ቀለበቱ ሥር፣ በጋሽ ጠመኔ ክልል ተሰበሰበ። ከመሃላቸው ሦስቱ ዘለሉ። እሳቸው የታያቸው አንድ ሰፊ ጀርባ ብቻ ነው። አንድ ሰው ወለሉ ላይ ሲዘረር ሰሙ። አንድ ትንፋሽ አለፈ። ከዚያ ከሩቅ ፊሽካ ተነፋ!

የወደቀው ልጅ የገፋውን ሊያንቅ እየተነሳ ነበር፤ ፊሽካውን ሲሰማ እጁ ወረደ። ጋሽ ጠመኔ ስድቡን ጠበቁ፤ የሰደባቸው የለም። የገፋው ራሱ አንገቱን ደፋ።

“ተጋርደው ነበር፣ ጋሼ” አለች ነርሷ በአጠገባቸው ስታልፍ።

በዓይናቸው ተከተሏት። ያን ሁሉ ግርግር ከዚያ ርቀት ለይታ አይታ፣ ደግሞ ለእሳቸው ብላ ያቺን ትንፋሽ ጠብቃ! ሠላሳ ዓመት ሲዳኙ እንዲህ ያለ ነገር አላዩም።

“አንቺ ልጅ፣ ጉድ ነሽ” አሏት ሲያበቃ። “ጥፋተኛው ተቀጣ፣ ጠብ ቀረ፣ እኔም አልተዋረድኩ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ማለት ለካ ይኼ ነው።”

ከዚያ ባለፈው ሳምንት እጁ የተሰበረው ልጅ ጄሶውን እንዳሰረ ጨዋታውን ሲያይ ወደነበረበት አግዳሚ ሄዱ።

“ያን ለት አንድ ሰው አይቶ ነበር” አሉት። “እኔ ነኝ። መንፋት ነበረብኝ፤ ይቅር በለኝ።”

ልጁ አያቸውና ጄሶውን ዳበሰ። “እናቴ በራስህ ቅብጠት ነው የወደቅከው ብላ እስከዛሬ አኩርፋኛለች” አለ።

ጋሽ ጠመኔ ቦርሳቸውን አነሱ። “ቤታችሁ በየት በኩል ነው?”